የምሠራበት ኩባንያ ሊገዛ ነው፤ «ለባለአክሲዮኑ እሴት ይፈጥራል» ሲሉ የማን ባለአክሲዮን ነው?

የጉለሌዋ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ የጀማሪ ነው፣ ግን ሦስት ቀን ሙሉ እንቅልፍ ነስቶኛል።

የምሠራው እዚህ ሜሪላንድ አንድ መካከለኛ የሶፍትዌር ኩባንያ ውስጥ ነው፤ ስሙ ይቆየን። ሰኞ ጠዋት ቡናዬን ሳልጨርስ ስልኬ በመልእክት ተጨናነቀ። አንድ ግዙፍ ኩባንያ ሊጠቀልለን ተስማምቷል፣ ለአንድ አክሲዮን 58 ዶላር በጥሬ ገንዘብ። እኔ ላለፉት አራት ዓመታት ከደመወዜ እየተቆረጠ የገዛሁት ትንሽ አክሲዮን አለኝ፤ ኩባንያው ቃል የገባልኝ፣ ገና እጄ ያልገባም አለ። አርብ 41 የነበረው ዋጋ ሰኞ ገበያ ሲከፈት 56 ሆኖ ቁጭ አለ። እልል ልል ስል የገዢውን ኩባንያ ዋጋ አየሁት፤ በዚያው ሰዓት 6 በመቶ ወርዷል።

እዚህ ላይ ነው የተምታታብኝ። አለቆቹ በስብሰባው «ይህ ለባለአክሲዮኖች እሴት ይፈጥራል» እያሉ አሥር ጊዜ ደጋገሙት። የማን ባለአክሲዮን? የኛ ዘሎ የነሱ ከወረደ፣ ከአንዱ ኪስ ወጥቶ ሌላው ኪስ ገባ እንጂ ምን ተፈጠረ? ደግሞስ 58 እንከፍላለን እያሉ ለምን 56 ላይ ቆመ? ባለቤቴ «አሁኑኑ ሽጪውና ጣሪያውን እናሠራ» ይላል። ስለ ጣሪያው እንኳ እውነቱን ነው፣ ያፈሳል።

ባለሒሳቡ፦

እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ። ከኪስ ወደ ኪስ ነው ያልሽው፣ ለመጀመሪያው ቀን ልክ ነሽ። ገበያው 41 ዶላር ያለውን ነገር በ58 ሲገዙት 17ቱ ዶላር ከገዢው ባለቤቶች ወጥቶ ላንቺና ለመሰሎችሽ ሄደ ማለት ነው። ጭማሪውን ፕሪሚየም ይሉታል። ያለሱ የሚሸጥ የለም፤ በ41 ለመሸጥ የፈለገማ አርብ ዕለት ሸጦ ወጥቷል። ስለዚህ ገዢው ሥራውን የሚጀምረው ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ነው። መጀመሪያ ያንን ፕሪሚየም መመለስ አለበት፤ ለራሱ ባለአክሲዮን አዲስ ሀብት የሚሆነው ከዚያ በላይ የሚተርፈው ብቻ ነው። የገበያው 6 በመቶ መውረድ «እስቲ ስትመልሱት እናያለን» እንደማለት ነው።

ማይክሮሶፍት ሊንክድኢንን በ2016 ሲገዛ 26.2 ቢሊዮን ዶላር ከፈለ፣ ለአንድ አክሲዮን 196። ግዢው ከመነገሩ በፊት የመጨረሻው ዋጋ 131 ነበር። 50 በመቶ ገደማ ጭማሪ ነው፤ ካሰላሽው ከጠቅላላው ውስጥ ከ8 ቢሊዮን በላዩ ፕሪሚየም ነው። ግን አራት ወር ወደኋላ ስትሄጂ ታሪኩ ሌላ መልክ ያወጣል። በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ ሊንክድኢን ደካማ ትንበያ ተናግሮ በአንድ ቀን ከ192 ወደ 108 ተንዶ ነበር። እና ማይክሮሶፍት «ውድ ገዛ» የሚባለው ከየትኛው አርብ ጀምረሽ ስትቆጥሪ ነው? ከመናዱ በፊት ከነበረው ዋጋ የጨመረው አራት ዶላር ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ሊንክድኢን በ2015 ወደ 3 ቢሊዮን የነበረው የዓመት ገቢው በጁን 2024 በተዘጋው የበጀት ዓመት ከ16 ቢሊዮን አልፏል። ምን ያህሉ የማይክሮሶፍት ሥራ ነው፣ ምን ያህሉ ብቻውን ቢቀርም ይመጣ ነበር? ይህን ማንም መለየት አይችልም። አለቆች በስብሰባ ላይ እንደዚያ ደፍረው የሚናገሩትም ለዚህ ነው።

እሴቱ የሚመጣበትን መንገድ በተመለከተ፣ ቀላሉ ወጪ መቀነስ ነው፤ ሁለት የደመወዝ ክፍል፣ ሁለት የሕግ ክፍል፣ ሁለት ቢሮ አንድ ይሆናል። ሁለተኛው የትንሹን ዕቃ በትልቁ ደንበኞች በር ማስገባት ነው። ሦስተኛው ጊዜ ነው፤ አራት ዓመት ፈጅቶ ከመሥራት የተሠራውን መግዛት። አራተኛውን በስብሰባ ላይ የሚናገረው የለም፣ ነገ የሚያሳጣህን ተፎካካሪ ዛሬ ከገበያ ማንሳት።

የአራተኛው ነገር ሲነሳ ኢንስታግራም ይመጣል። ኤፕሪል 2012። 13 ሠራተኛ፣ 30 ሚሊዮን ያህል ተጠቃሚ፣ አንድ ሳንቲም ገቢ የለም። ፌስቡክ 1 ቢሊዮን ሰጠ፤ ሰው ሁሉ አበደ አለ። ክፍያውን ግን ልብ በይው። 300 ሚሊዮኑ ጥሬ ገንዘብ ነበር፣ የቀረው 23 ሚሊዮን ገደማ የፌስቡክ አክሲዮን። ፌስቡክ ሜይ ላይ በ38 ዶላር ገበያ ወጥቶ ወዲያው ወደቀ፤ ግዢው ሴፕቴምበር ላይ ሲዘጋ ያ «1 ቢሊዮን» 715 ሚሊዮን ሆኖ ነበር። ሻጮቹ የተዘረፉ መስሎ ታየ። ያን አክሲዮን እስከ 2024 ይዞ የቆየ ቢኖር ግን አንዱ ከ500 ዶላር በላይ ያወጣ ነበር። ዛሬ ኢንስታግራም የሌለበትን ሜታ (ፌስቡክ አሁን የሚጠራበት ስም ነው) ማሰብ ይከብዳል። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን «ተፎካካሪ ለማጥፋት ነው የገዛችሁት» ብሎ በ2020 ከሰሰ፤ ዳኛው በኖቬምበር 2025 ለሜታ ፈረዱ።

አንድ ነገር ልጨምር። እኛ አክሲዮን ስንል የሚታየን አገር ቤት ያለው የባንክ አክሲዮን ነው፤ በዓመቱ ጉባኤ ይጠራል፣ የትርፍ ድርሻ ይከፈላል። እዚህ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ዓመታት ሙሉ ምንም ላያካፍሉ ይችላሉ። ሜታ የመጀመሪያውን የትርፍ ድርሻ ያሳወቀው በ2024 ነው። ስለዚህ ባለአክሲዮኑ ያገኘው ሁሉ የዋጋው መውጣት ነበር፤ ትርፉን ወስደው ኢንስታግራም ሲገዙበት ባለቤቱ ዝም ብሎ ያያል። ትክክል ይሁን ስህተት የሚታየው በዋጋው ላይ ነው።

አልገዛም_ባይ፦

ባለሒሳቡ ያሸነፉትን ብቻ ነው የቆጠረልሽ። የተሸነፉትን እኔ ልንገርሽ።

ኤችፒ በኦገስት 2011 ኦቶኖሚ የሚባል የእንግሊዝ ሶፍትዌር ኩባንያ በ11 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እገዛለሁ አለ። በማግስቱ የኤችፒ አክሲዮን በአንድ ቀን 20 በመቶ ወደቀ። ገበያው በግልጽ ቋንቋ ተው እያለው ነው! ግዢውን ያሳወቀው ዋና ሥራ አስኪያጅ ሊዮ አፖቴከር በሚቀጥለው ወር ተባረረ፤ ግዢው ግን ቀጠለ። በዓመቱ፣ ኖቬምበር 2012፣ ኤችፒ 8.8 ቢሊዮን ዶላር ከመዝገቡ ሰረዘ። ከ5 ቢሊዮን የሚበልጠው የኦቶኖሚ ሰዎች ሒሳቡን ስላሳመሩት ነው አለ። የእንግሊዝ ፍርድ ቤት በ2022 በፍትሐ ብሔሩ ለኤችፒ ወገን ፈረደ፤ የአሜሪካ የወንጀል ችሎት ግን በ2024 መሥራቹን ማይክ ሊንችን በነፃ አሰናበተ። የፈለገው ይሁን፣ የኤችፒ ባለአክሲዮን ብር ቀልጦ ቀርቷል።

«ከመዝገብ ሰረዘ» የሚለው ነገር ሰውን ያደናግራል። ኩባንያ ስትገዢ ጠረጴዛውም ኮምፒውተሩም ሶፍትዌሩም ተቆጥሮ 3 ብር አወጣ እንበል፤ አንቺ የከፈልሽው 10 ነው። 7ቱ የት ይጻፍ? ጉድዊል የሚባል መስመር አለ፣ እዚያ ይጻፋል። ተስፋ ማለት ነው በቁጥር ሲጻፍ። ተስፋው እንደማይሳካ ሲያምኑ ይሰርዙታል፤ ጋዜጣው ያን ቀን «ኩባንያው ይህን ያህል ከሰረ» ብሎ ይጽፋል። በዚያ ቀን ግን አንድ ብር አልወጣም። ብሩ የወጣው ሻምፓኝ የተከፈተ ዕለት ነው።

ሌላ ልጨምር? ማይክሮሶፍት የኖኪያን የስልክ ክፍል በ2014 ተረከበ፣ 5.4 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ። በዚያው ዓመት 18,000 ሰው እንደሚያሰናብት ተናገረ፤ አብዛኞቹ ከኖኪያ የመጡ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 7,800 ጨመረበትና 7.6 ቢሊዮን ዶላር ሰረዘ። የከፈለውን ሁሉ ማለት ይቻላል። አሁን «ወጪ መቀነስ» የሚለውን የባለሒሳቡን ቃል እንደገና አንብቢው።

እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ተገዝቻለሁ። የመጀመሪያው ላይ ኬክ ቆረጡልን፣ የገዢው ስም የተጻፈበት ኮፍያ ሰጡን። ስምንት ወር ቆይቶ ማክሰኞ ጠዋት ካርዴ በሩን አልከፍት አለ። ካርዱ የተበላሸ መስሎኝ በሸሚዜ ጠራርጌ ደጋግሜ ሞከርኩት፤ ጥበቃው አዝኖ «ወንድሜ፣ ከሰው ኃይል ክፍል የሚያነጋግርህ ሰው አለ፣ ቁጭ በል» አለኝ። ኮፍያው አሁንም አለኝ፤ ሣር ሳጭድ አደርገዋለሁ። እሴት ተፈጥሮ ይሆናል፣ ለኔ ግን አልታየኝም።

ዋናው ጥያቄ ደግሞ ማን ነው የሚገዛው የሚለው ነው። የሚገዛው አለቃው ነው፣ በባለአክሲዮኑ ገንዘብ። ኩባንያው ሲተልቅ የአለቃው ደመወዝም ስሙም ይተልቃል። ቢከሽፍ ተሸኝቶ በጥቅማ ጥቅም ይሄዳል።

የሐይፋው፦

ከእስራኤል ሰላም እላለሁ ልጆች። የሰማሁት ሁሉ ደግ ነው፤ ግን ሜላኖክስ የሚባለው የኛ አገር ኩባንያ ሳይነሳ ይህ ጨዋታ ባይዘጋ ደስ ይለኛል። ቤቱ ዮቅነዓም ነው፣ ከኛ በመኪና ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ኤንቪዲያ በማርች 2019 እገዛዋለሁ ሲል 6.9 ቢሊዮን ዶላር ነበር፣ ለአንድ አክሲዮን 125 በጥሬ ገንዘብ። ኢንቴልም ፈልጎት እንደነበር በጊዜው ተወርቷል። የቻይና ተቆጣጣሪዎች ፈቃድ ስለዘገየ እስከ ኤፕሪል 2020 ተንጠልጥሎ ቆየ።

ሜላኖክስ የሚሠራው ሰው የማያየውን ነገር ነው። በመረጃ ማዕከል ውስጥ ኮምፒውተር ከኮምፒውተር የሚያገናኝ ካርድ፣ ማከፋፈያና ኬብል። በ2018 የዓመት ገቢው ከ1 ቢሊዮን ጥቂት ቢያልፍ ነው። ለምን ከስድስት እጥፍ በላይ ተከፈለበት? ያኔ የገባው ሰው ጥቂት ነበር። ኤንቪዲያ ቺፑ አለው፤ ግን ትልቅ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል በአንድ ቺፕ አይሠለጥንም፣ በሺህ የሚቆጠሩት አንድ ላይ እንዲያስቡ ማያያዝ ያስፈልጋል። ማያያዣው ከዘገየ ውዱ ቺፕ ሥራ ፈትቶ ቁጭ ይላል። ሺህ አጫጅ ቀጥረህ አንድ ማጭድ እንደማዟዟር ነው።

በጁላይ 2025 መጨረሻ በተዘጋው አንድ ሩብ ዓመት ብቻ የኤንቪዲያ የኔትወርክ ክፍል 7.3 ቢሊዮን ዶላር አስገባ። በሦስት ወር ውስጥ! ኩባንያው ከተገዛበት ዋጋ ይበልጣል። እውነት ለመናገር ሁሉም ከሜላኖክስ የመጣ አይደለም፤ ኤንቪዲያ ራሱ የሠራው ማያያዣም በውስጡ አለ፣ ገቢ ደግሞ ትርፍ አይደለም። ቢሆንም ሌላ እንዲህ ያለ ግዢ ጥሩልኝ ብትሉኝ እኔ ራሴ ብዙ አላገኝም።

ታዲያ ይኸው ሜላኖክስ ሌላ ሰው እጅ ቢገባ ይህን ይሆን ነበር ወይ? አይመስለኝም። ኦቶኖሚን ኤችፒ ሲገዛው ኤችፒ ያኔ ኮምፒውተርና ፕሪንተር ሻጭ ነበር፤ ሶፍትዌር ቤት ልሁን ብሎ ተመኝቶ ነው የገዛው። ኤንቪዲያ የጎደለችው አንዲት ዕቃ ነበረች፣ እሷን ገዛ። ልጄ፣ ያንቺን ኩባንያ የሚገዛው ሰውዬ የጎደለውን ነው የሚገዛው ወይስ የተመኘውን? እሱን አንቺ ውስጥ ሆነሽ ከኛ ሁላችን የተሻለ ታውቂዋለሽ።

የጉለሌዋ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄን አላሰብኩትም ነበር። እኛ የምንሠራው ለክሊኒኮች የቀጠሮና የክፍያ ሶፍትዌር ነው፤ ገዢው የሆስፒታሎቹን ትልቁን ሲስተም ይዟል፣ ትንንሾቹ ክሊኒኮች ጋ ግን መግባት አቅቶት ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ጨረታ ላይ ስንገናኝ ኖረናል። እንግዲህ የጎደለውን ነው የገዛው መሰለኝ። ወይም ባለሒሳቡ እንዳለው ተፎካካሪውን። ወይ ሁለቱንም።

አልገዛም_ባይ፣ በኮፍያው ስቄ ስጨርስ ደነገጥኩ። የሒሳብ ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው።

56ቱን ግን ማንም አልመለሰልኝም።

ባለሒሳቡ፦

ይቅርታ፣ ረስቼው ነው። 2 ዶላሯ የጊዜና የሥጋት ዋጋ ናት። ገንዘቡ የሚከፈለው ግዢው ሲዘጋ ነው፤ እስከዚያ የመንግሥት ተቆጣጣሪ ሊያግደው ይችላል፣ ገዢው ሐሳቡን ሊቀይር ይችላል። እንዲህ አስቢው። ከተሳካ ከ56 ላይ 2 ታገኛለሽ። ከፈረሰና ወደ 41 ከተመለሰ 15 ትከስሪያለሽ። ገበያው 56 ላይ ሲቆም፣ ጊዜውን ትተን፣ ከመቶ 88 ያህል ይሳካል እያለ ነው። ክፍተቱ ሲሰፋ ካየሽ አንድ ሰው አንድ ነገር ሰምቷል ማለት ነው።

አክቲቪዥን በሚባለው የቪዲዮ ጨዋታ ኩባንያ ላይ ይህ ነገር በደንብ ታይቷል። ማይክሮሶፍት በጃንዋሪ 2022 ለአንድ አክሲዮን 95 ዶላር፣ በጠቅላላው 68.7 ቢሊዮን እከፍላለሁ አለ። አክሲዮኑ ግን የዚያን ዓመት አብዛኛውን ጊዜ ከ80 በታች ነው ያሳለፈው፤ አሜሪካና እንግሊዝ ያሉ ተቆጣጣሪዎች ያስቆሙታል ተብሎ ስለተፈራ። ታዋቂው ባለሀብት ዋረን ቡፌት ሳይቀሩ ክፍተቱን አይተው በብዛት ገዙ። የተዘጋው ኦክቶበር 2023 ነው፣ ከ21 ወር በኋላ። የጠበቀ 95ቷን አገኘ። የሶፍትዌር ኩባንያው አዶቤ ደግሞ ፊግማ የሚባለውን የዲዛይን ሶፍትዌር ኩባንያ በ20 ቢሊዮን ልግዛ ብሎ በሴፕቴምበር 2022 ተናገረ፣ ያን ቀን የራሱ አክሲዮን 17 በመቶ ገደማ ወደቀ፤ በዲሴምበር 2023 ተቆጣጣሪዎቹን ማሳመን አቅቶት ተወው፣ ለማፍረሻ 1 ቢሊዮን ዶላር ለፊግማ ከፈለ። አንቺ አሁን «በጨረታ ስንገናኝ ኖረናል» ያልሽው ነገር ተቆጣጣሪዎቹ ግዢውን ለማገድ የሚፈልጉት ዓይነት ምክንያት ነው፤ እሱን ልብ በይው።

አንድ ሥራ ልስጥሽ። ባለአክሲዮኖች ድምፅ ከመስጠታቸው በፊት ኩባንያሽ ረጅም ሰነድ ያወጣል፣ በአሜሪካ የአክሲዮን ተቆጣጣሪው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል። መቶ ምናምን ገጽ ነው፤ አትፍሪው፣ የግዢው ታሪክ የሚለውን ምዕራፍ ብቻ አንብቢ። ማን መጀመሪያ ስልክ እንደደወለ፣ መጀመሪያ ስንት ዶላር እንደቀረበ፣ ቦርዱ ስንቴ እንቢ እንዳለ፣ ሌላ ገዢ እንደነበር በቀን በቀን ተጽፎ ታገኚዋለሽ። እንደ ልብ ወለድ ነው የሚነበበው። ገና እጅሽ ያልገባው አክሲዮንም ምን እንደሚሆን እዚያው አለ፤ ብዙ ጊዜ በዚያው የጊዜ ሰሌዳ ወደ ጥሬ ገንዘብ ወይም ወደ ገዢው አክሲዮን ይቀየራል። ካሰናበቱሽስ የሚለውን መስመር ፈልጊ፣ አንዳንዱ ላይ ወዲያው ይከፈላል፣ አንዳንዱ ላይ ይቀራል። በእጅሽ ያለውንም ከገዛሽው ዓመት ያለፈውንና ያላለፈውን ለይው፣ ግብሩ አንድ አይደለም።

ሰሚር_ዱባይ፦

እንቢ ማለት ስለተነሳ ያሁ ትዝ አለኝ። በፌብሩዋሪ 2008 ማይክሮሶፍት ለአንድ አክሲዮን 31 ዶላር፣ በድምሩ 44.6 ቢሊዮን አቀረበለት። ዋጋው በዋዜማው 19 ዶላር ነበር። የያሁ መሥራችና ዋና ሥራ አስኪያጅ ጄሪ ያንግና ቦርዱ «አሳንሳችሁናል» ብለው እንቢ አሉ። ማይክሮሶፍት ሜይ ላይ ጥሎ ሄደ። ኖቬምበር ሲመጣ አክሲዮኑ ከ10 ዶላር በታች ነበር፤ የዓለም ገበያም አብሮ እየወደቀ ነበር፣ እሱን መካድ አይቻልም። በ2017 የአሜሪካው የስልክ ኩባንያ ቬራይዘን ዋናውን ሥራ በ4.48 ቢሊዮን ወሰደው።

የሚገርመው ግን ይህ አይደለም። ያሁ በ2005 አሊባባ በሚባለው የቻይና የኢንተርኔት ንግድ ኩባንያ ውስጥ 1 ቢሊዮን ዶላር አስገብቶ 40 በመቶውን ይዞ ነበር። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የያሁ ባለአክሲዮን በእጁ የነበረው ሀብት በብዛት ያ የቻይና ድርሻ ነበር፤ የኢሜይሉና የዜናው ሥራ ከጎኑ ትንሽ ነገር ነው። ሙሉውን ከመጠቅለል ይልቅ ድርሻ ብቻ ገዝቶ ቁጭ ማለት የበለጠ የከፈለበት ጊዜ አለ ለማለት ነው። ስለ እሱ ግን ስብሰባ ተጠርቶ ኬክ አይቆረጥም።

የጉለሌዋ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ከባለቤቴ ጋር ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘን ተቀመጥን። ዓመት ካለፈው ውስጥ ግማሹን በ56 ከ20 ሳንቲም ሸጥኩ፣ ቀሪውን እስኪዘጋ እይዘዋለሁ። ሰነዱ ገና አልወጣም፣ በሚቀጥለው ወር ነው አሉ፤ ሲወጣ የስልኩን ታሪክ አምጥቼ እዚህ እጽፍላችኋለሁ።

ዛሬ ቢሮ ውስጥ ካርቶን መጥቷል። ኮፍያ ነው። ጣሪያ ሠሪው ሐሙስ ይመጣል።